እምቡጥ ሳይታይ የታሰረ ክር

ጓንቴ የሚሏት ጓንቷን ስለማታወልቅ ነበር። በቃ አታወልቅም! ሰላም ስትል ከነጓንቷ፣ ውሃ ስትጠጣ ከነጓንቷ፣ አንዴማ በሰው ለቅሶ ላይ ከነጓንቷ እንባዋን ስትጠርግ ታይታ ሐዘንተኞቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሸሽላ ስትነቅል የኖረች ሴት ምን ታድርግ? አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊዋማ፣ «እትዬ፣ አንቺን ከነጓንትሽ ነው የምንቀብርሽ፤ ወዲያ ማዶም እሾህ ካለ ማን ያውቃል» ትላታለች። ጓንቴ ደግሞ፣ «ወዲያ ማዶ እንኳ አረም ካለማ እኔ አልሞትም፣ ይቅርብኝ» ትላለች። ቀልዷ ሁሉ እንደዚህ ነው፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ ያማረው ቀልድ።

የምትሠራበት እርሻ አርቲቾክ ነው የሚያበቅለው። አርቲቾክ ማለት ለማታውቁት፣ የኮሸሽላ የአክስት ልጅ ነው። ቀልድ አይደለም! እምቡጡ ሳይፈነዳ ተቆርጦ፣ ተቀቅሎ የሚበላው ነው፤ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበ አረንጓዴ ቡጢ የሚመስለው። ዝም ብትሉት ፈንድቶ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የኮሸሽላ አበባ ይሆንላችኋል። እና እዚያ እርሻ ላይ የሚገርመው፣ ኮሸሽላውም አርቲቾኩም እንግዳ ናቸው። ድሮ የመጀመሪያዎቹ የአርቲቾክ ሥሮች ከባሕር ማዶ በሣጥን ሲመጡ፣ ሣጥኑ ውስጥ የተጎዘጎዘው ገለባ ላይ የኮሸሽላ ዘር ተለጥፎ ነበር ይባላል። አንዱ ተጋብዞ፣ አንዱ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ሣጥን ገቡ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ፍግ እየተደረገለት ውሃ እየጠጣ ይንቀባረራል፣ ሌላው በመኮትኮቻ እየተነቀለ እሳት ውስጥ ይገባል። አራሚዎቹ ሴቶች አርቲቾኩን «ጨዋው»፣ ኮሸሽላውን «ባለጌው» ነው የሚሉት። «ዛሬ ስንት ባለጌ ነቀልሽ?» «ኧረ ተይኝ፣ የመንደሩን ባለጌ ሁሉ ጨረስኩት!»

ከሁለቱም የባሰ ሦስተኛ አለ ግን። ጨዋው ሳይቆረጥ ከቀረና አብቦ ዘሩን ካራገፈ፣ ከዘሩ የሚበቅለው ልጅ አባቱን አይመስልም፣ የዱር ቅድመ አያቱን ነው የሚመስለው። እምቡጡ ጭርንቁስ፣ ጫፉ ሁሉ እሾህ። ቅጠሉ ግን አቤት ሲያምር! ሰፊ፣ ብርማ፣ ከጨዋዎቹ ሁሉ የደለበ። ለዚህ ነው እዚያ እርሻ ላይ ዘር የማይዘራው። የሚተከለው ከእናቲቱ እግር ሥር የምትወጣው ልጅ ናት፤ እሷ ቁርጥ እናቷን ናት። እናቶቹ ደግሞ የሚመረጡት እምቡጥ በያዙ ጊዜ ነው። አንድ በአንድ ይታያሉ፣ እምቡጧ እሾህ የለሽ፣ ድፍን፣ ከባድ ከሆነች እግሯ ላይ ቀይ ክር ይታሰርላታል። በኋላ ማሳው ታጭዶ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ ሁሉም ቅጠል በቅጠል ሲሆን ቀይ ክር ያለባት ብቻ ልጇ ተነሥታ አዲሱ ማሳ ላይ ትተከላለች። እምቡጥ ሳታይ ክር አትሰር። ይሄ ሕግ ነው። የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓንቴ ታውቀዋለች፤ ክር የማሰሩ ሥራ የሷ ነበራ።

እና አምና ምን ሆነ መሰላችሁ? ጉልበቷ! ጉልበቷ በቃኝ አለ። ማታ ማታ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ጠዋት ደግሞ እንደ ዛገ በር ሲጥ ይላል። የላይኛውን ማሳ እንደ ደንቡ አንድ በአንድ እያየች አሰረች። የታችኛው ቀረ። «ነገ» አለች። በማግስቱም «ነገ»። አምስት ነገ አለፈ። በስድስተኛው ቀን ስትወርድ ለቃሚዎቹ ቀድመዋት እምቡጡን ሁሉ ቆርጠው ሄደዋል። ማሳው ላይ የቀረው ቅጠል ብቻ።

ቆመች። አየች። ፀሐዩ አናቷን ይመታታል። ሄዳ «አላሰርኩም፣ አመለጠኝ» ማለት ትችል ነበር፤ ከፋም ለማም የዚያን ዓመት ተከላ ትንሽ ይቀንስ ነበር እንጂ ሰማይ አይደፋም። ግን እስከ ቢሮው ያለው ዳገት ታያት። ያ ዳገት! እና ለራሷ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁትን ቅጠል ነው የምስተው?» አለችና በጣም ያማሩትን፣ በጣም የደለቡትን፣ ስልሳ እግር መርጣ ቀይ ክር አሰረች። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ረፋድ። ያማሩት የትኞቹ እንደሆኑ እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እሷም ብትሆን ገብቷት ነበር፣ የሆነ ቦታ ላይ፣ ከድካሙ ሥር። ግን የደከመው ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ አያውቀውም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ፣ ያ ወጣቱ፣ ሁልጊዜ ስልኩን ትከሻውና ጆሮው መሃል ወትፎ የሚያወራው፣ ጠራት። «እትዬ፣ ሥራሽን በጊዜ ነው የጨረስሽው። ጉልበትሽን ደግሞ እያየሁት ነው። መለያው ክፍል አንድ ቦታ ተለቋል፣ ትገቢያለሽ?»

መለያው ክፍል! ወንበር ያለበት! ጓንቴ «እሺ» ለማለት እንኳ ቁጭ ማለት ፈለገች።

መለያው ክፍል ማለት ረጅም ጣውላ ጠረጴዛ፣ ከላዩ ሦስት አምፖል፣ ግድግዳው ዳር የተደረደረ የፕላስቲክ ሣጥን፣ እና ስድስት ወንበር ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር! ሥራው እምቡጡን አንሥቶ ማየት፣ ትልቁን ወደ ቀኝ፣ መካከለኛውን ወደ ፊት፣ የተከፈተውን ወደ ግራ ማድረግ ነው። በባዶ እጅ ነው የሚሠራው፣ ጓንት ቅርፊቱን ይፍቀዋል ይባላል። እና ጓንቴ ጓንቷን አወለቀች። ጎኗ የምትቀመጠው ልጅ፣ ሳቂታዋ የሚሏት፣ የጓንቴን እጅ አይታ፣ «ኧረ! እጅሽ ነጭ ነው እንዴ? ፊትሽ ሌላ እጅሽ ሌላ፣ ሁለት ሰው ነሽ እኮ!» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ጓንቴ ቤት ስትገባ እህቷ የስፌት መኪናው ላይ እንደተጎነበሰች ነበር።

«እንዴት ነው መቀመጥ?» አለቻት መርፌ በከንፈሯ ይዛ።

«ዝም በይ፣ አታስወሪኝ፣ ጉልበቴ ይነቃብኛል።»

«እኔ ተቀምጬ ዓመታት አለፉ፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ አንቺ እንደ ሠርግ ታወሪዋለሽ።»

«የጠገበ ስለ ጾም ያወራል» አለች ጓንቴ፣ አልጋው ላይ እንደወደቀች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

እንደዚህ ሆኖ አለፈ። ጉልበቷ እብጠቱ ቀነሰ። ደረጃ ስትወጣ መቁጠር ተወች። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ አዲሱ ማሳ ተተከለ፣ አደገ፣ እምቡጥ ያዘ። እና አንድ ጠዋት ከአዲሱ ማሳ የመጀመሪያው ሣጥን መለያው ክፍል ገባ። ጓንቴ ሳታይ እጇን ሰደደች።

«ወይኔ!»

አውራ ጣቷ ላይ ደም። ሣጥኑን ወደ አምፖሉ ጎተተችው። ጭርንቁስ እምቡጥ፣ ጫፉ ሁሉ ቢጫ እሾህ፣ እንደ ድመት ጥፍር። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ሣጥን ሙሉ። ሳቂታዋ፣ «ይሄማ ባለጌው ነው! ማነው ባለጌውን ሣጥን ውስጥ ያስገባው?» አለች። ጓንቴ ግን ወዲያው ነው ያወቀችው። ከደሙ ቀድማ ነው ያወቀችው። ያ ረፋድ፣ ያ ፀሐይ፣ ያማሩት ስልሳ እግሮች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ መጣ። ከኋላው ጋሼ ጉድጓድ ነበሩ። ጋሼ ጉድጓድ የእርሻው ተካይ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ስለቆፈሩ ነው ስሙ የወጣላቸው፣ ራሳቸው እንኳ፣ «የመጨረሻውን ደግሞ ሰዎች ይቆፍሩልኛል፣ እስከዚያ እኔው ልቆፍር» ይላሉ። ቀጭን፣ አንገታቸው እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፣ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥ ሲገቡ የሚያወልቁ ሰውዬ።

«ይኸው ይዩት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን እምቡጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ከአሥራ ሁለት መስመር አምስቱ እንደዚህ ነው። አምስት መስመር ጋሼ! ከየት ነው ያነሡት?»

«ክር ካለበት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቀይ ክር ካለበት ብቻ ነው የማነሣው። ሌላ ነክቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ይሄ ከየት መጣ? እናቶቹን የመረጠችው እትዬ ናት። እሷ እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ ክር አታስርም። አይደለም እትዬ?»

ሁሉም ወደ ጓንቴ ዞረ። ሳቂታዋ እንኳ አልሳቀችም። ጓንቴ አፏ ውስጥ ጣቷ አለ። አወጣችው።

«እኔ…» አለች። «የላይኛውን አንድ በአንድ አይቻለሁ።»

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እንደዚህ ያለው ነገር ነው ሰውን የሚያደክመው።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ክፉ ሰው አይደለም እኮ። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ዓይንዎ ደክሟል። ምናልባት ቀይ ክሩ ከደረቅ ሥር ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል። የዚህ ዓመት ተከላ ሲያልቅ ማረፍ አለብዎት።»

ጋሼ ጉድጓድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ጥሩ ነበር። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «ይሆናል» አሉ። «ዓይኔ ሊሆን ይችላል።»

ያን ማታ ጓንቴ ለእህቷ ነገረቻት። ሁሉንም። እህቷ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለአንቺ።»

«በይ እንግዲህ እዚሁ ይብቃ። ምን ታደርጊያለሽ? ሄደሽ ጉልበትሽን ማሳ ላይ ልትቀብሪው ነው?»

«ሰውዬው ዓይናቸው ደህና ነው እኮ።»

«ሽማግሌ ናቸው። ዛሬም ነገም ማረፋቸው አይቀርም። እሳቸው ቤት የምትጦራቸው ልጅ አለቻቸው፣ አንቺ ማን አለሽ? እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ እይኝ!» ብላ ጀርባዋን አዞረች፣ ጀርባዋ እንደ ማጭድ ጎብጧል። «እትዬ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጠሽ ብዪ ብትባይ ምን አለበት?»

እህቷ ልክ ናት። ይሄ ነው ችግሩ፣ ልክ ናት። በማግስቱ ጓንቴ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ትልቁን ወደ ቀኝ፣ መካከለኛውን ወደ ፊት። እሾሃሙን ደግሞ መሬት ላይ ወዳለው ጆንያ። ቀኑን ሙሉ እሾሃም እየወረወረች ዋለች፣ ማታ ትከሻዋ ማሳ ላይ ከዋለ ሰው በላይ ደክሟት ነበር። ተቀምጣ! ተቀምጣ መድከም እንደሚቻል አላወቀችም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲወጡ ጋሼ ጉድጓድ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ትንሽ ላስቸግርሽ።»

«ይግቡ ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።»

አልተቀመጡም። ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ወረቀቱ ውስጥ የተቆራረጠ ክር ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ በጭቃ የተለወሰ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ክር አይደለም፣ የደረቀ ሥር ነው። በጣታቸው እያመለከቱ፣ ልክ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ «ይሄ ቀይ ነው። ይሄ ቡኒ። ይሄም ቀይ፣ ጭቃ ስለነካው ነው። ይሄ ክር አይደለም። ልክ ነኝ?» አሉ።

ጓንቴ አየች። «ልክ ነዎት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ጋሼ።»

«እኔም ቤት ስሞክረው ልክ ነበር። ሦስት ቀን ነው የሞከርኩት። በጠዋት፣ በማታ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጥላ ላይ።» ወረቀቱን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። «ግን ያን ቀንስ? ያን ቀን እኮ አላስታውሰውም። ሰው ዓይኑ ለአንድ ቀን ብቻ ይክደዋል እንዴ? አሁንማ መንገድ ስሻገር እንኳ ያየሁትን መኪና ደግሜ ነው የማየው። ማሳ ላይ የረገጥኩትን አላምነውም። ከዚህ ሁሉ… ቅዳሜ በቃኝ ልላቸው ነው። እነሱ ሳይሉኝ።»

ጓንቴ ብድግ አለች።

ጉልበቷ ቋ አለ። «ወዴት ነሽ?» አሏት። «ጋሼ፣ እዚሁ ይቆዩኝ» አለችና ወጣች። ቢሮው ዳገቱ ላይ ነው። ያ ዳገት! አምና ያልወጣችውን ዳገት ዘንድሮ ወጣችው፣ ሁለት ቦታ ቆማ እየተነፈሰች፣ እያማረረች፣ «ምን አባቱ፣ ምናለ ቢሮውን ታች ቢሠሩት» እያለች።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ነበር። በእጁ ጠብቂ አላት። አልጠበቀችም።

«የታችኛውን እምቡጥ ሳላይ ነው ያሰርኩት።»

ስልኩ ከትከሻው ወደቀ። «ምን?»

«ሳልደርስበት ለቀሙት። ቅጠል አይቼ አሰርኩ። ስልሳውንም። ጋሼ ክሩን በትክክል ነው ያዩት። የተሳሳተው ክሩ ነው።»

«ይሄን እያወቅሽ ሦስት ቀን ሙሉ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እህቷ ጀርባ፣ ስለ ወንበሩ። «ደክሞኝ ነበር» አለች።

«ሁሉም ሰው ይደክመዋል እትዬ!» አለ፣ ተቆጥቶ። ከዚያ እሱም ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ፣ ለካ እሱም ደክሞታል። «አምስት መስመር ነቅሎ እንደገና መትከል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰኞ ማሳ ትወርጃለሽ። አንቺው ነሽ የምትነቅይው። መለያው ክፍል ሌላ ሰው ይገባል።»

«እሺ።»

«ለጋሼም አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ምን ፊት አለኝ?»

ተመልሳ ወረደች። ጋሼ ጉድጓድ እንዳለቻቸው ቆመው ነበር የጠበቋት፣ ስድስት ባዶ ወንበር እያለ! ነገረቻቸው። ይቅር ይሉኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ያቅፉኛል ብላ ነበር፣ መቼም ሰው እውነት ሲናገር ትንሽ ነገር ይጠብቃል አይደል። ጋሼ ጉድጓድ ግን ፊታቸው ቀላ።

«ሦስት ቀን!» አሉ። «ሦስት ቀን የልጅ ልጄን፣ ይሄ ምን ቀለም ነው እያልኩ ስጠይቅ! ልጄ የዓይን ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ፈቃድ ጠይቃ! አንቺ እዚህ ተደግፈሽ!»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«አልልም!» ብለው ኮፍያቸውን ገና በር ሳይደርሱ አናታቸው ላይ ደፍተው ወጡ።

እህቷስ? እህቷ ያን ማታ ሁሉንም ሰምታ ራት አቀረበች፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ አምጥታ የጓንቴን እግር ከተተችበት፣ ከዚያ፣ «ጅል ነሽ» አለቻት። «አውቃለሁ» አለች ጓንቴ። «አታውቂም። ጅል ቢያውቅ ጅል አይሆንም ነበር።» ሁለቱም ሊስቁ ፈልገው ጉልበት አጡ።

ሰኞ ጓንቷን አድርጋ ወረደች። ጋሼ ጉድጓድ ቀድመዋት ማሳው ላይ ናቸው፣ መቆፈሪያቸውን ይዘው። እሳቸው ይቆፍራሉ፣ እሷ ትነቅላለች፤ ሥሩ የክንድ ርዝመት ነው፣ መሃል ላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣልና እስከ ጫፉ መውጣት አለበት። አንድ መስመር ሙሉ ጀርባቸውን እያየች ተከተለቻቸው። እሾሁ በጓንቱ ያልፋል። ጉልበቷ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ዳቦውን መጋገር ጀመረ። ጨዋ የሚመስሉት ቅጠሎች በእጇ ውስጥ አቤት ሲያምሩ፣ አሁንም ያምራሉ እኮ፣ ይሄ ነው የሚያናድደው።

ሁለተኛው መስመር ላይ ጋሼ ጉድጓድ ድንገት ቆሙ። አንዷን እግር ዘለው ቀጣዩን መቆፈር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይቺን ረሱ።»

«አልረሳሁም።»

«እምቡጥ የላትም እኮ፣ በምን አወቁ?»

«አለ። ከቅጠሉ ሥር ነው፣ ገና ጥፍር የሚያህል። እሾህ የላትም። ጨዋ ናት።»

ጓንቴ ጎንበስ አለች። ወገቧ ጮኸ። ቅጠሉን ገለጠች፣ ዓይኗን አጠበበች፣ አላየችም። የበለጠ ተጠጋች፣ አፍንጫዋ ቅጠሉን እስኪነካ። እዚያ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አተር የምታህል፣ ድፍን ያለች፣ ለስላሳ እምቡጥ።

«ከዚያ ሆነው ነው ያዩዋት? ቆመው?»

ጋሼ ጉድጓድ መቆፈሪያቸው ላይ ተደግፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞሩ። አሁንም ተቆጥተዋል፣ ግልጽ ነው፣ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ወር ይቆጣሉ። ግን ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ አንገታቸው ትንሽ ረገብ ብሎ ነበር።

«ቆሜ ነው» አሉ። «አንቺ ነሽ መነጽር የሚያስፈልግሽ።»

ከዚያ ምራቃቸውን መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው ቀጠሉ። ገና ሦስት መስመር ከግማሽ ይቀር ነበር፣ ፀሐዩም አናት ላይ አልደረሰም።